በማኅበራት መጋዘን የሚገኙ ተቀጣጣይና የመፈንዳት ጠባይ ያላቸው ኬሚካሎች፦ ጠባያቸው፣ አደጋቸውና አያያዛቸው

ለኤክስቴንሽን ወኪሎችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ክረምት ሊገባ ሲል በጣና ዳርቻ ያለ የማኅበር መጋዘን ሁሉ ይሞላል። ዩሪያው፣ ኤን.ፒ.ኤስ.ው፣ ምርጥ ዘሩ፣ የተባይ መድኃኒቱ፣ ለመስኖ ፓምፕ የሚሆነው ቤንዚንና ናፍጣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይደርሳል። ቦታ ጠባብ ስለሆነ የተገኘው ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ይከማቻል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ አንዳንዶቹ ለየብቻ ሲቀመጡ ጉዳት የሌላቸው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ከባሩድና ከድማሚት ቤተሰብ የሚመደቡ መሆናቸውን ወኪሎች ለአባላት እንዲያስረዱ ነው።

ዘጌን በምሳሌነት የመረጥንበት ምክንያት አለን። በዘጌ ደን ውስጥ በሬ ጠምዶ ማረስ በቆየ ልማድ የተከለከለ ነው፤ ኑሮው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ «ማዳበሪያ የማይበተንበት አገር ስለ ማዳበሪያ አደጋ ምን ያገባዋል?» የሚል ይኖራል። መልሱ ግልጽ ነው። ከደኑ ውጭ ያለው ጎረቤት ገበሬ በቆሎና ዳጉሳ ያመርታል፤ መንገዱና ገበያው የጋራ ነው፤ ከባሕር ዳር የሚመጣው ዕቃ ከፊሉ በጀልባ ይጫናል። ባሕረ ገብ መሬቱ በዛፍ የተሸፈነ ነው። በውስጡም እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ከነግድግዳ ሥዕላቸውና ከነብራናቸው ይገኛሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚነሣ እሳት ያጠፋውን ነገር በሚቀጥለው ዓመት መልሶ መትከል አይቻልም።

ባለፈው ጊዜ በሐይቁ ዳርቻ ወደሚገኝ አንድ መጋዘን ገብተን ነበር። ጽሑፉ የተፋቀ ነጭ ከረጢት በግድግዳው ሥር ተደርድሯል፤ ከጎኑ የፓምፕ ናፍጣ የያዙ ሦስት ጀሪካኖች አሉ፤ ከአንዱ የፈሰሰው ናፍጣ የታችኛውን ከረጢት አርሶታል። በላዩ ላይ ፋኖስ ተንጠልጥሏል። መጋዘን ጠባቂውን «ከረጢቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ብለን ስንጠይቃቸው «ዩሪያ ይመስለኛል» አሉን። ስለ ናፍጣው ስናነሣባቸው ደግሞ «ዐሥር ክረምት አሳልፌበታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ጢስ አላየሁበትም» ሲሉ መለሱልን። ሰውየው ታማኝና ንብረት ጠባቂ ናቸው። ስለዚህም ነው መልሳቸውን በዚህ ጽሑፍ በዝርዝር ልንመረምረው የፈለግነው።

1. ቃጠሎና ፍንዳታ

ማንኛውም እሳት ሦስት ነገሮችን ይሻል፤ የሚቃጠል ነገር፣ ሙቀትና ኦክስጅን። እንጨት የሚቃጠለው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው። ስለዚህ አፈር ብናለብሰው ወይም በርጥብ ጆንያ ብንሸፍነው ይጠፋል።

ናይትሬትና ክሎሬት የሚባሉት ኬሚካሎች ግን ኦክስጅንን በውስጣቸው ይዘው ይዞራሉ። ሙቀት ሲያገኛቸው ይህን ኦክስጅን ይለቁታል። ስለዚህ ከሚቃጠል ነገር ጋር ከተቀላቀሉ አየር ባይኖርም ይነድዳሉ፤ ማፈን አያጠፋቸውም። እነዚህን በዚህ ጽሑፍ «ኦክስጅን ሰጪ» እንላቸዋለን።

ፍንዳታ ማለት እጅግ የፈጠነ ቃጠሎ ወይም መፈራረስ ነው። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ብዙ ትኩስ ጋዝ ይፈጠራል፤ መውጫ ሲያጣ ያፈነውን ሁሉ ይበትናል። ባሩድ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከጣና በስተምሥራቅ በጋፋት መድፍ ሲቀለጥ የሚያጎርሱት ባሩድ ነበር። ባሩድም ቢሆን ከናይትሬት፣ ከድኝና ከከሰል የተገኘ ነው። ሦስቱም በዛሬ የገጠር መጋዘን በየፊናቸው ሊገኙ የሚችሉ ዕቃዎች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል።

2. ኬሚካሎቹና ጠባያቸው

ሀ/ አሞኒየም ናይትሬት። ነጭ፣ ሽታ የሌለው፣ ብዙውን ጊዜ እንደ ዩሪያ ክብ ፍሬ ሆኖ የሚመጣ ጨው ነው። ለማዳበሪያ የሚውለው ከ33 እስከ 34 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን አለው። በ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ከ210 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ መፈራረስ ይጀምራል። በውሃ በጣም ይሟሟል፤ ሲሟሟም ውሃውን ያቀዘቅዛል። ለእኛ አካባቢ ትልቅ ትርጉም ያለው ሌላ ጠባይ አለው፤ በ32 ዲግሪ ገደማ የፍሬው ውስጣዊ አሠራር ይለወጣል። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ቀን ከ32 ዲግሪ በላይ፣ ሌሊት ከዚያ በታች ሲመላለስ ፍሬው ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ዱቄት ይሆናል፤ ቆይቶም ይጋገራል። የደቀቀው ደግሞ ናፍጣንና ዘይትን ከደህናው ፍሬ ይልቅ አጥብቆ ይመጣል። ንጹሕ አሞኒየም ናይትሬት በክብሪት አይያያዝም። አደገኛ የሚሆነው ከነዳጅ፣ ከዘይት፣ ከመጋዝ ብናኝ፣ ከገለባ፣ ከድኝ፣ ከብረታ ብረት ዱቄት ወይም ከገበታ ጨው ጋር ሲነካካ፣ እንዲሁም በብርቱ እሳት መካከል ታፍኖ ሲሞቅ ነው። በዓለም ላይ የድንጋይ ማውጫ ቦታዎች ለፈንጂነት የሚጠቀሙበት ዋናው ኬሚካል ይኸው በመሆኑ አያያዙ ፈቃድና ቁጥጥር የሚጠይቅ ነው።

ለ/ ፖታሲየም ናይትሬት። ነጭ ጨው ነው፤ በ334 ዲግሪ ይቀልጣል። በመስኖ ለሚለማ አትክልትና አበባ በውሃ እየተበጠበጠ ይሰጣል። ከአሞኒየም ናይትሬት ይልቅ እርጥበት የሚስበው ጥቂት ነው። በራሱ አይነድድም፤ ነገር ግን ከከሰል ወይም ከድኝ ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ በፍጹም የተከለከለ ነው።

ሐ/ ድኝ። ቢጫ ነው፤ ውሃ አያሟሟውም፤ ከውሃ እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ በ115 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ለአመዳይ በሽታ በዱቄት መልክ በተክል ላይ ይረጫል። ኦክስጅን ሰጪ አይደለም፤ የሚቃጠል ነገር ነው። ዋናው አደጋ ብናኙ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አየር ላይ የተንሳፈፈ የድኝ ብናኝ በትንሽ የእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል። ነበልባሉ ሰማያዊና ፈዛዛ ስለሆነ በቀን ብርሃን ላይታይ ይችላል። ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ዓይንንና ሳንባን ያቃጥላል፤ ከአየር ስለሚከብድም በዝቅተኛ ቦታ ይተኛል።

መ/ ክሎሬቶች። ፖታሲየም ክሎሬት በክብሪት ራስና በአንዳንድ ርችቶች ውስጥ ይገኛል። ሶዲየም ክሎሬት በሌሎች አገሮች ለአረም ማጥፊያነት ያገለግል ነበር። በክሎሬት ውሃ የራሰ ልብስ ሲደርቅ በትንሽ ፍንጣሪ ቦግ ይላል። ክሎሬት ከድኝ ጋር ሲነካካ በመፈተግ ብቻ ሊነሣ ይችላል። በማኅበር መጋዘን ቦታ የለውም፤ ለበዓል የተገዛ ርችትም እንዲሁ።

ሠ/ ካርባይድና የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን። እነዚህ ሁለቱ ጠላታቸው ውሃ ነው። ለብየዳ የሚውለው ካርባይድ ውሃ ሲነካው አሴቲሊን የተባለ እጅግ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። የነቀዝ ክኒኑ ደግሞ የአየር እርጥበት ብቻ ሲያገኘው ፎስፊን ይለቃል። ፎስፊን ገዳይ መርዝ ነው፤ በተዘጋ ቦታ ሲጠራቀምም ራሱ ሊያያዝ ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ ጣራው የሚያፈስ መጋዘን ለእነዚህ ሁለቱ አይሆንም።

ረ/ ዩሪያና ኤን.ፒ.ኤስ.። ገበሬዎቻችን በብዛት የሚጠቀሙባቸው እነዚህ ናቸው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን አለው፤ በ133 ዲግሪ ይቀልጣል። ኤን.ፒ.ኤስ. 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት፣ 7 በመቶ ድኝ ይዟል፤ ይህ ድኝ ግን በጨው መልክ የታሰረ ስለሆነ እንደ ቢጫው ዱቄት አይነድድም። ሁለቱም ኦክስጅን ሰጪ አይደሉም፤ ገበሬው ሊፈራቸው አይገባም። ሆኖም በእሳት ውስጥ ሲገቡ አሞኒያና ሌላ የሚያፍን ጋዝ ያወጣሉ። ዩሪያን ከአሞኒየም ናይትሬት ጋር መቀላቀልም ክልክል ነው። በ30 ዲግሪ ሙቀት አሞኒየም ናይትሬት ብቻውን ከአየር ውሃ መሳብ የሚጀምረው የአየሩ እርጥበት 59 በመቶ ሲደርስ ነው፤ ዩሪያ ብቻውን 72 በመቶ ሲደርስ ነው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን በ18 በመቶ ላይ ይጀምራሉ። በበጋም ቢሆን ጭቃ ይሆናሉ ማለት ነው።

አሞኒየም ናይትሬትና ዩሪያ በዓይን አይለዩም። በእሳት መሞከርና መቅመስም አይፈቀድም። መለያው የከረጢቱ ጽሑፍ ነው። በክብ ላይ የሚነድ ነበልባል ያለበት ቢጫ ምልክት ኦክስጅን ሰጪን ያመለክታል። የተባበሩት መንግሥታት መለያ ቁጥሮችም ይረዳሉ፤ አሞኒየም ናይትሬት 1942 ወይም ለማዳበሪያ የተዘጋጀው 2067፣ ፖታሲየም ናይትሬት 1486፣ ድኝ 1350፣ ካርባይድ 1402፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ 1397 ናቸው። ጽሑፉ የጠፋ ከረጢት ምንነቱ እስኪታወቅ ድረስ እንደ አደገኛ ይቆጠር።

3. ካለፉት አደጋዎች የምንማረው

«ዐሥር ክረምት አሳልፌበታለሁ» ወዳሉት መጋዘን ጠባቂ እንመለስ።

በጀርመን አገር በኦፓው ከተማ የነበረ ፋብሪካ አሞኒየም ናይትሬት ያለበት ድብልቅ ማዳበሪያ ያከማች ነበር። ክምሩ እየተጋገረ ስላስቸገረ ሠራተኞች በትንንሽ ፈንጂ ያላቅቁት ነበር። ይህንም እጅግ ብዙ ጊዜ ያለ ጉዳት አድርገውታል። እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 1921 ግን ከክምሩ ከፊሉ ፈነዳ፤ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። ትምህርቱ ይህ ነው፦ ብዙ ጊዜ ያለ ጉዳት መሠራቱ ሥራው ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። አደጋው በየቀኑ እዚያው ነበር፤ አንድ ሁኔታ እስኪሟላለት ድረስ ብቻ ቆየ።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1947 በአሜሪካ በቴክሳስ ሲቲ ወደብ ከ2,000 ቶን በላይ አሞኒየም ናይትሬት የጫነ መርከብ እሳት ተነሣበት። ጭነቱ እንዳይበላሽ በማሰብ ውሃ መርጨቱ ቀርቶ በሮቹ ተዘጉ፤ እሳቱን ለማፈንም እንፋሎት ተለቀቀበት። ኦክስጅን ሰጪ በማፈን እንደማይጠፋ ከላይ ተናግረናል። መርከቡ ፈንድቶ ከ500 በላይ ሰዎች አለቁ።

ለእኛ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 2013 በቴክሳስ ዌስት በተባለች ትንሽ ከተማ የደረሰው ነው። ለገበሬዎች ማዳበሪያና ዘር የሚሸጥ መጋዘን ነበር። ሕንፃውም የማዳበሪያው ማስቀመጫም ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ። እሳቱ ከተነገረ ከ20 ደቂቃ ጥቂት በኋላ ክምችቱ ፈነዳ። ከሞቱት 15 ሰዎች አብዛኞቹ እሳት ለማጥፋት የሮጡ ናቸው። መኖሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ስለነበሩ ጉዳቱ በዛ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 በቤይሩት ወደብ ለዓመታት ባለቤት አጥቶ የተቀመጠ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በአገራችንም በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወር መጨረሻ በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ አካባቢ የነበረ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ በዙሪያው የነበረ ሰውና ቤት ተጎድቷል። የጥይት መጋዘንና የማዳበሪያ መጋዘን አንድ አይደሉም፤ ትምህርታቸው ግን አንድ ነው። ክምችትና መኖሪያ ሊጎራበቱ አይገባም።

4. በመጋዘን ውስጥ ሊደረግ የሚገባው

ሀ/ ነዳጅ፣ ዘይትና ላምባ ከማዳበሪያ ጋር በአንድ ክፍል አይቀመጡ። ቢያንስ 10 ሜትር የራቀ፣ ከመጋዘኑ በታች ባለ ተዳፋት ላይ የተሠራ የነዳጅ ዳስ ይኑር። ከመጋዘኑ በላይ ከሆነ የፈሰሰው ወደ ማዳበሪያው ይወርዳል።

ለ/ ኦክስጅን ሰጪ፣ ድኝና ካርባይድ ለየብቻቸው ይቀመጡ። ሦስት የተለያየ ክፍል ከሌለ ማኅበሩ ሦስቱንም አይዘዝ፤ ለሚያስፈልገው ቀን ብቻ አምጥቶ በዚያው ሳምንት ያከፋፍል።

ሐ/ ከረጢቶች ከወለል ከፍ ባለ ንጹሕ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ርቀው ይደርደሩ። ናይትሬት ለሚቀመጥበት ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆን ይመረጣል፤ ርብራቡም ናይትሬት ያልመጠጠ ይሁን። ናይትሬት የመጠጠ እንጨት ራሱ በቀላሉ የሚነድድ ይሆናል።

መ/ የፈሰሰ ማዳበሪያ በዚያው ቀን ይጠረግ። ከአፈር፣ ከገለባና ከዘይት ጋር የተቀላቀለው ወደ ከረጢቱ አይመለስ፤ ለብቻው ተይዞ ባለሙያ ይጠየቅ። ለማጽዳት የመጋዝ ብናኝ መጠቀም ክልክል ነው።

ሠ/ የተጋገረ ማዳበሪያ በእንጨት መዶሻ ወይም ከረጢቱን በማንከባለል ይፈርፈር። ማሞቅ፣ በብረት ዶማ መደብደብ፣ ይልቁንም ጽሑፉ የጠፋ ከሆነ፣ አደገኛ ነው።

ረ/ ፋኖስ፣ ሻማ፣ ሲጋራና ከሰል ምድጃ ወደ መጋዘን አይግቡ። በማታ የእጅ ባትሪ ይበቃል። የኤሌክትሪክ መስመር ካለ አምፖሉ ከክምሩ በላይ አይንጠልጠል።

ሰ/ በጣራው ሥርና በግድግዳው የአየር መተላለፊያ ይኑር። አየር የሚተላለፍበት መጋዘን አይግልም፤ አይጋገርም፤ እሳት ቢነሣም ጋዙ መውጫ ያገኛል።

ሸ/ መዝገቡ በየሳምንቱ ይታይ። ናይትሬት ከመዝገብ ቢጎድል ወይም የማይታወቅ ሰው በብዛት ለመግዛት ቢመጣ ለቀበሌውና ለፖሊስ ወዲያው ይነገር። የዓመት ቀሪ አይከማች፤ ወደ ወረዳው ይመለስ።

5. በጀልባና በታንኳ ሲጫን

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሄድ ሞተር ጀልባ ራሱ ቤንዚን ወይም ናፍጣ ይይዛል። መንገዱም የአንድ ሰዓት ያህል ነው። ተሳፋሪ፣ ከሰል፣ ነዳጅና ማዳበሪያ በአንድ ጉዞ አይጫኑ። ማዳበሪያው ከሞተሩ ርቆ፣ ሸራ ለብሶ ይቀመጥ። የደንገል ታንኳ ናይትሬትና ድኝ ለመጫን አይሆንም፤ ደረቅ ደንገል ጥሩ ማገዶ ነው፤ የረጠበውም ከረጢቱን ያበላሻል። ካርባይድና የነቀዝ ክኒን በተከደነ የብረት ጣሳ ካልሆነ በሐይቅ ላይ አይሂዱ።

ሐይቅ ዳር የፈሰሰ ማዳበሪያ ለእሳት ብቻ አይደለም የሚያሰጋው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የሚፋፋው ወደ ሐይቁ በሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ጭምር ነው። ስለዚህ መጋዘን ከውሃው ዳር መራቅ አለበት፤ የተጠረገ ማዳበሪያም ወደ ሐይቅ አይደፋ።

6. እሳት ቢነሣ

በቅድሚያ የሚቃጠለው ምን እንደሆነ ይታወቅ። ለዚህም የዕቃው ዝርዝርና አቀማመጥ የተጻፈበት ሰሌዳ ከመጋዘኑ ውጭ ይሰቀል።

ናይትሬት ወዳለበት ክፍል የቀረበ ነገር፣ ገለባ ወይም ጆንያ፣ ገና መያያዝ ሲጀምር ከሆነ ብዙ ውሃ በፍጥነት ይደፋበት፤ በርና መስኮት ይከፈት። አፈር መመለስና በር መዝጋት አይረዳም። እሳቱ ክምሩን ራሱን ከያዘ፣ ወይም ቡናማ ጢስ መውጣት ከጀመረ፣ ማጥፋቱ ይቅር። ሰው ሁሉ በነፋሱ ተቃራኒ አቅጣጫ ይሽሽ። ለብዙ ክምችት በዓለም አቀፍ መመሪያ የሚመከረው ርቀት 1.6 ኪ.ሜ. ነው። ቡናማውን ጢስ የተነፈሰ ሰው ደህና ቢመስልም ሳንባው ከሰዓታት በኋላ ሊታመም ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ድኝ ሲነድድ ውሃ በርጭት መልክ ይሰጠው፤ በኃይል የሚወረወር ውሃ ብናኙን አስነሥቶ ፍንዳታ ያመጣል። ካርባይድና ፎስፋይድ ባሉበት ውሃ በፍጹም አይነካ፤ ደረቅ አሸዋ ብቻ ያገለግላል። እዚህ ላይ ነው አለያይቶ ማስቀመጥ ሕይወት የሚያድነው። ለናይትሬት መድኃኒት የሆነው ውሃ ለካርባይድ መርዝ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ክፍል ያስቀመጠ ማኅበር እሳቱን የሚያጠፋበት መንገድ የለውም።

ዘጌ ላይ የእሳት አደጋ መኪና ጥሪ ቢደረግለት የሚነሣው ከባሕር ዳር ነው። እስኪደርስ ያለው ጊዜ ከላይ በተጠቀሰችው ትንሽ ከተማ ከታየው 20 ደቂቃ ይበልጣል። ስለዚህ የእኛ የእሳት አደጋ መከላከያ ዛሬ የሚደረገው አቀማመጥ ነው።

7. ማጠቃለያ

ወኪሎች ከዘር ጊዜ በፊት የየማኅበሩን መጋዘን ከሊቀ መንበሩና ከመጋዘን ጠባቂው ጋር ሆነው እንዲያዩ እናሳስባለን። አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ጽሑፍ የሌለው ከረጢት አለ ወይ? ነዳጁ የት ነው? ናይትሬት፣ ድኝና ካርባይድ ተለያይተዋል ወይ? ጣራው ያፈስሳል ወይ? መኖሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ምን ያህል ይርቃል?

ቀደም ብለን ባነሣነው መጋዘን በዚያው ቀን ከጠባቂው ጋር ሆነን ናፍጣውን ወደ ውጭ አወጣን፤ የራሰውን ከረጢት ለየን፤ ፋኖሱን አወረድን። ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም፤ ገንዘብም አልጠየቀም። በነጩ ከረጢቶች ላይ የወረዳው ባለሙያ መጥቶ ምንነታቸውን እስኪለይ ድረስ «አይነካ» የሚል ጽሑፍ ለጠፍንባቸው። ጠባቂው ስንሰናበታቸው «ዐሥር ክረምት እግዜር ጠብቆልኛል፤ ዐሥራ አንደኛውን እኔ ልጠብቅ» አሉን። ከዚህ የበለጠ የምንጨምረው የለንም።